ውኃው ወዴት ሄደ?

በገዳሪፍና በገላባት መካከል ባለው መንገድ ዳር፥ ይልቁንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፥ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ አሮጌ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ወደ ግራር ሥር ይሄዳል፤ ሹሙም ሰዓቱን እያየ «ምን ሆነብን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ዘወትር አንድ ነው፤ «ጌታዬ፥ ሙቀቱ ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ውኃ ይጨመራል፥ ኮፈኑ ይዘጋል፥ ጉዞው ይቀጥላል። እኛ ግን በዛሬው ዓምዳችን ይህን መልስ በቀላሉ ልንቀበለው አልፈለግንም።

ሙቀቱ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ስትሆን፥ በሚያዝያና በግንቦት የቀትር ሙቀቷ 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ዳሩ ግን የጤነኛ ሞተር ውኃ በሥራ ላይ ሳለ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ የሚሞቅ ስለ ሆነ፥ 40 ዲግሪ የሆነ ነፋስ ለሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። የራዲያተር ሥራ የውኃውን ሙቀት ለነፋሱ ማስረከብ ሲሆን፥ የሚያስረክበውም በሁለቱ ልዩነት መጠን ነው። ጎንደር ላይ ነፋሱ 20፥ ውኃው 90 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 70 ነው፤ ገዳሪፍ ላይ ነፋሱ 40 ሲሆን ልዩነቱ ወደ 50 ይወርዳል። ያው ራዲያተር ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ከጉልበቱ ሲሶ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ያህል ይጎድልበታል ማለት ነው። የመኪናው ሠሪ ይህን አስቀድሞ አስቦ ትርፍ ጉልበት ሰጥቶታል። ትርፉን የበላው ሌላ ነገር ነው፤ ሙቀቱ ተደብቆ የኖረውን ጉዳት ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሊትር እንጨምር?» ሳይሆን «የነበረው ወዴት ሄደ?» የሚለው ነው። የሞተር ውኃ እንደ ቤንዚንና እንደ ናፍታ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ፥ ከራዲያተሩም ወደ ሞተሩ እየዞረ ያንኑ ሥራ ይደጋግማል። ከጎደለ በሦስት መንገድ ብቻ ሄዷል፤ ወይም ወደ ውጭ ፈስሷል፥ ወይም ከሞተሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሏል፥ ወይም ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በማርሚታው እንፋሎት ሆኖ ወጥቷል። አራተኛ መንገድ የለውም።

የመንግሥት መኪና ነዳጅ ሲቀዳ ሊትሩና ኪሎ ሜትሩ በመዝገብ ይጻፋል፥ ይፈረምበታልም። ውኃ ሲጨመር ግን የሚጽፍ ሰው የለም፤ ውኃ ገንዘብ አይከፈልበትምና። በእኛ አስተያየት ስለ ሞተሩ ጤና አብልጦ የሚናገረው ይህ ያልተጻፈው ሒሳብ ነው። ሾፌሩ ማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ የጨመረውን ውኃ በሊትር፥ የሄደበትንም መንገድ በኪሎ ሜትር ይጻፍ። በወር አንድ ብርጭቆ የሚጎድልበት መኪና አይሰጋለትም። በየሳምንቱ አንድ ሊትር የሚጠይቅ መኪና የሚያፈስበት ቦታ አለው፥ ፈልጎ ማግኘትም ይገባል። በየ10 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር የሚጠጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ግልጥ ነው፤ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ 15 ሊትር ይፈልጋል፤ ያውም ቀዳዳው በመንገድ ላይ ካልሰፋ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከከተማ መውጣት የለበትም። መዝገቡ የሚጠቅመው ግን ሹሙ ሳይቆጣ የሚያነበው እንደ ሆነ ነው። «መኪናው ውኃ ያጎድላል» ብሎ የተናገረ ሾፌር «አንተ አበላሸኸው» የሚል መልስ ካገኘ፥ ከዚያ ወዲያ ውኃውን በድብቅ ይጨምራል፤ ሹሙም የሚሰማው ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ይሆናል።

ወደ ውጭ የሚፈሰውን ውኃ ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ማለዳ ነው። ቀን በመንገድ ላይ የሚወጣው ጠብታ ትኩሱን ብረት እንደ ነካ ይተንናልና ዐይን አያየውም። ማታ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ከሞተሩ በታች ሰፊ ካርቶን ይነጠፍ፤ በካርቶኑም ላይ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ምልክት ይደረግበት። ጠብታው ከፊት ጫፍ ከተገኘ ራዲያተሩ ወይም የታችኛው የጎማ ቱቦ ይጠረጠራል። ከቬንቲላተሩ ኋላ ከተገኘ የውኃው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ከሆዱ በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፥ የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውኃው በዚያች ይወጣል። ቀዳዳዪቱን በማስቲሽ የሚደፍኑ ሰዎች አሉ፤ ይህ ውኃውን ወደ ፓምፑ ኩሽኔታ መላክ ነው። ጠብታው ከሞተሩ ጎን ወይም ከኋላው ከሆነ በሞተሩ ጎን የተመቱት ክብ የብረት ውታፎች በዝገት ተበልተው ይሆናል። ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቦ ጣፋጭ ሽታ ካለው ደግሞ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ፈስሷል። ነገር ግን ቀለምና ሽታ የሌለው ንጹሕ ውኃ ከመኪናው ሆድ ቢንጠባጠብ ይህ የአየር ማቀዝቀዣው ላብ ስለ ሆነ፥ ማንንም አያስደንግጥ።

ካርቶኑ ደረቅ ቢሆንም ምርመራው አላለቀም። ውኃ በደረቀበት ስፍራ ነጭ፥ አረንጓዴ ወይም የዝገት መልክ ያለው ቅርፊት ይተዋል። ይህን ቅርፊት በባትሪ ብርሃን በራዲያተሩ ጠርዝ፥ በጎማ ቱቦዎቹ ማሰሪያ፥ በፓምፑ ዙሪያ መፈለግ ነው። ቱቦውን በእጅ ጨምቆ ማየትም ይገባል፤ እንደ ሊጥ የላላ ወይም ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ቱቦ ዕድሜው አልቋል። አንዳንዱ ቀዳዳ ግፊት ካልመጣበት አያፈስም። ለዚህ ጋራዦች በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም፥ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አላቸው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አየር ይሞላበታል፥ መርፌው ከወረደ ውኃው የሚወጣበትን መፈለግ ነው። በዚህ መሣሪያ ሩብ ሰዓት መሥራት በግምት አንድ ፓምፕና አንድ ራዲያተር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል። የራዲያተር ክዳን እንደ ድስት መክደኛ ብቻ የሚቈጠር ዕቃ ስላልሆነ ጥቂት እንቈይበት። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቍጥር የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ክፍት ውኃ ገዳሪፍ ላይ በ98፥ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር ደግሞ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ክዳን ከአየሩ ግፊት ጋር የሚተካከል ያህል ተጨማሪ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ፥ የሚፈላበትን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከደከመ ይህ ሁሉ ይጠፋል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከወደቁበት ከመተማ ተነሥቶ፥ 700 ሜትር ያህል ከሆነው ቆላ ወደ ጭልጋና ወደ ጎንደር ሰሊጥ ጭኖ የሚወጣው መኪና፥ አየሩ እየቀዘቀዘለት ሲሄድ ዳገቱ ላይ መፍላቱ ብዙ ሾፌሮችን ይገርማቸዋል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ብዙ ይሠራል፥ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ነፋስ አይበቃውም፥ ክዳኑም ካልያዘ ውኃው በ93 ዲግሪ ይፈላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው ክዳኑ ይሁን የምንለው ዋጋው ትንሽ፥ ጥቅሙ ትልቅ ስለ ሆነ ነው። በላዩ የተጻፈው የግፊት ቍጥር መኪናው ከሚፈልገው ጋር አንድ መሆኑ ግን ይታይ።

ስለዚህ ነገር በበረሓ የተገኘ አንድ ጥሩ ብልሃት እናስታውሳለን። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በግብፅና በሱዳን በረሓ በፎርድ መኪኖች ሲጓዝ፥ ውኃው ሲፈላ በትርፍ ቱቦው እየወጣ መሬት ላይ መቅረቱን አየ። ከዚያም ቱቦውን ግማሽ ድረስ ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው። እንፋሎቱ በጣሳው ውኃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ሞተሩ በበረደ ጊዜ ራዲያተሩ ያንኑ ውኃ መልሶ ይስበዋል። በ1932 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ ያቋቋመው የበረሓ ጦር በዚሁ ብልሃት ተጠቅሟል። ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የምናየው የትርፍ ውኃ ጠርሙስ የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው። ጠርሙስ የሌለው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቱቦና ጠርሙስ፥ ለዚህም ተብሎ የተሠራ ባለ ሁለት ላስቲክ ክዳን ቢያስገጥም ብዙ ውኃ ያተርፋል።

ወደ ውስጡ ጉዳት ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ አንድ ነገር እንበል። አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ባለሥልጣን ጋራዥ በገባ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል። የሞተሩ ራስ ቴስታታ፥ በራሱና በአካሉ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን፥ የጢሱ መውጫ ማርሚታ፥ ቬንቲላተሩን የሚያዞረው ጠፍር ቺንጋ፥ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ክሩስኮት ይባላል። ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኩን በጥሩ አማርኛ «የራስ ማሸጊያው ተቃጥሏልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም ፈገግታ ያተርፋል፤ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይ?» ቢል መልሱን ወዲያው ያገኛል።

በውጭ ምንም ሳይፈስ ውኃው የሚጎድል ከሆነ የሚጠረጠረው ይህ ጓርኒሲዮን ነው። ማለዳ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ይከፈት፥ ውኃው እስከ አፉ ይሞላ፥ ሞተሩም ይነሣ። በመጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ከውስጡ የቀረ አየር ነው። አረፋው እንደ ምንጭ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ግን የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ በተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፥ ገና ሳይሞቅ፥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ቢጠነክርም ምልክቱ ያው ነው። ከሞቀም በኋላ ማርሚታው ነጭ እንፋሎት መትፋቱን ካላቆመ፥ ወይም የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ቡና በወተት የመሰለ ዘይት ይዞ ከወጣ፥ ጥርጣሬው ይበረታል። ከዘይቱ ክዳን በታች ብቻ ጥቂት ነጭ አረፋ መታየቱ ግን ፍርድ አይሆንም፤ በደጋ አጭር መንገድ የሚመላለስ መኪና በእርጥበት ብቻ እንዲህ ይሆናል። ለማረጋገጥ ጋራዦች ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መፈተኛ አላቸው፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ዘይቱ እንደ ወተት የሆነ መኪና በዚያው ቀን ይቁም፤ ውኃ የገባበት ዘይት ብሮንዚናውን በጥቂት ጉዞ ይጨርሰዋል። ቴስታታው ሲወርድም መጣመሙና መሰንጠቁ ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ አድርጎ መዝጋት በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ ሥራ መድገም ነው። ባለቤቱ ወይም ሹሙ መካኒኩን «ቀጥ ያለ መሆኑ ተለክቷል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ውኃው ሳይጎድል የሚሞቅ መኪናም አለ። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል፤ በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ሳንቲ ሜትር እጅግ አልፎ መግባት የለበትም። በገዳሪፍ ዙሪያ፥ ከ1937 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትራክተር በሚታረሰው በዚያ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ አገር፥ በመከር ወራት ገለባና የሣር ፍሬ ከጥቁሩ አፈር አቧራ ጋር የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ኀይሉ በለዘበ ውኃ ማጠብ ነው፤ ኀይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። ቴርሞስታት የተባለውን የሙቀት በር ፈጽሞ አውጥቶ መጣል በቆላ ሾፌሮች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፥ እኛ አንስማማበትም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ይህ በር ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትንም አቋራጭ ይዘጋል፤ በሩ ከሌለ ገሚሱ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራልና ሙቀቱ ይብስ ይጨምራል።

በክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌም ሁልጊዜ አይታመንም። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲኖር ብቻ እውነት ይናገራል። ውኃው ከእርሱ በታች ከወረደ በእንፋሎት መካከል ስለሚቀር፥ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ወደ ቀዩ ተጠግቶ የነበረ መርፌ በዳገት ላይ ድንገት ሲወርድ ያየ ሾፌር «ተመስገን በረደ» ሳይል ወዲያው ማቆም አለበት።

መንገድ ላይ ሙቀቱ ሲነሣ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። ውኃው ሳይጎድል በጭነትና በዳገት ብቻ የሞቀ ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣው ይጥፋ፥ ማሞቂያው ይከፈት፤ ተሳፋሪው ይማረራል፥ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። እንፋሎት ከወጣ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ በዚያች ደቂቃ ይጥፋ። ክዳኑን ማንም አይንካ። በግፊት የታፈነው ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ስለሚቆይ፥ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ወደ ፊትና ወደ ደረት ይፈነዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥልና ሲጨመቅ የላላ ሲሆን፥ በወፍራም ጨርቅ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ይዙር። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ሰው ከተቃጠለም በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት፥ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙና፥ ሊጥ መቀባት ቁስሉን ያባብሰዋል።

በድንበሩ ወዲያ ማዶ ሱዳናውያን ውኃን «ሞያ» ይሉታል። አማርኛ ተናጋሪ ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ ሳለ «ሞያ የለህም?» ቢባል እንደ ስድብ እንዳይቈጥረው፤ የጠየቀው ሰው ጀሪካኑን ሊሰጠው ነው።

ከሁሉ የምንፈራው ግን የመጠጡ ውኃ ወደ ራዲያተሩ ሲገለበጥ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሺህ ሰው፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጭምር፥ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ተሰዷል። በእንዲህ ያለ ጉዞ የሰዉን ውኃ ሞተሩ ጠጥቶት፥ ሞተሩም ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቢቆም ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው። የመኪናው ጀሪካንና የሰው ጀሪካን ልዩ ልዩ ይሁኑ፤ የሰውየው እስከ ጉዞው ፍጻሜ አይነካ። የመኪናው ካለቀ መኪናው ይቁም፥ ሰው ይጠጣ።

ወደ ራዲያተሩ የሚገባውም ውኃ ዓይነት አለው። የጉድጓድ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ነጭ ድንጋይ በሞተሩም ውስጥ ይጋግራል። ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናም ውኃ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ከተጣራ ውኃ ጋር የተቀላቀለ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ስሙ ከበረዶ ጋር ስለ ተያያዘ ለቆላ የማይጠቅም የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ዝገትን ይከለክላል፥ የሚፈላበትንም ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

ለቤት እመቤቶች የምናሳስበው አለን። ይህ ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፥ ነገር ግን ኩላሊት የሚያጠፋ መርዝ ነው። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ወይም በውኃ ጀሪካን ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ከመኪናው የተቀዳው አሮጌውም ሕፃናትና ከብቶች በሚደርሱበት አይደፋ። ልጅ ቀምሶ ከተገኘ ደኅና ቢመስልም ምልክት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ጠርሙሱም አብሮ ይሂድ።